የፊት ሸራ ገመድ በላይፍላይኑ ውስጥ ይለፍ ወይስ በውጭ?

አሮጌ ትንሽ የሸራ ጀልባ የገዛ ሰው ዋናውን ሸራ ለማሰር ብዙም አይቸገርም። ምሰሶው ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በቃ። ራስ ምታቱ የፊቱ ሸራ ነው። ገመዱ ከሸራው ጥግ ተነስቶ እናንተ የተቀመጣችሁበት እስኪደርስ መንገዱ ሁሉ ሽቦ ነው፦ ምሰሶውን የያዙት ሽቦዎች፣ ሰው ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅ ጠርዝ ላይ የተወጠረው ሽቦ፣ እሱን የተሸከሙት ቋሚ ብረቶች። በየትኛው ውስጥ ይለፍ? በየትኛው ውጭ? አጠገባችሁ የቆመችውን ጀልባ ባለቤት ብትጠይቁ አንድ ነገር ይላችኋል፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ተቃራኒውን። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። መልሱን የሚወስኑት የሸራው መጠንና የመጀመሪያው ፑሊ የተተከለበት ቦታ ናቸው።

በስም እንግባባ። ሺት የምለው የፊቱን ሸራ የኋላ ጥግ የሚጎትቱትን ሁለት ገመዶች ነው፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይመጣል፣ ሥራ ላይ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ላይፍላይን በጀልባዋ ጠርዝ ዙሪያ በቋሚ ብረቶች ላይ የተወጠረው መከላከያ ሽቦ ነው። ሽራውድ ደግሞ ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ ወጥሮ የሚያቆመው። ለምሳሌ ካታሊና 22ን እወስዳለሁ። ከ15,000 በላይ ስለተመረተች አሜሪካ ውስጥ ማሪና ገብቶ እሷን ማጣት ይከብዳል። ርዝመቷ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በየጎኗ ሦስት ሽራውድ አላት፦ አንድ ረጅም ወደ ምሰሶው ጫፍ የሚሄድ፣ ሁለት አጫጭር ምሰሶው ወገብ አካባቢ የሚያልቁ። ላይፍላይን ያላቸውም የሌላቸውም አሉ።

ሁለት ጥያቄ ነው

"ከሽራውዱ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?" እና "ከላይፍላይኑ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?" ለየብቻ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው። ገመዱ ከሽራውዱ ውጭ ሄዶ ከላይፍላይኑ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል፤ እንዲያውም ትልቅ የፊት ሸራ ያላቸው ጀልባዎች ላይ በብዛት የምታዩት ይሄንን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "በውጭ አሳልፈው" ሲላችሁ "ከምኑ ውጭ?" ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለቱንም ጥያቄ የሚመልስ አንድ ሕግ አለ። ወደ ነፋሱ ተጠግታችሁ ስትሄዱና ሸራው ጠበቅ ብሎ ሲወጠር፣ ሺቱ ከሸራው ጥግ እስከ መጀመሪያው ፑሊ ድረስ ምንም ነገር ሳይነካ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ሽቦ ነክቶ ከታጠፈ መንገዱ ልክ አይደለም።

መነካቱ ለምን ይከፋል? አንደኛ፣ ላይፍላይኑ ሳይጠሩት ፑሊ ይሆናል። የሸራውን ቅርጽ ለማስተካከል ሐዲዱ (ፑሊው የሚንሸራተትበት ብረት) ላይ ያለውን ፑሊ ወደፊትም ወደኋላም ብታንሸራትቱ ሸራው አይሰማችሁም፣ ምክንያቱም ሸራው የሚያውቀው ገመዱ የታጠፈበትን ነጥብ ነው። ብዙ ሰው ፑሊውን ሲገፋና ሲስብ ውሎ "ይሄ ሸራ አርጅቷል" ብሎ የሚደመድመው በዚህ ሳቢያ ነው። ሁለተኛ፣ ገመዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሽቦው ይፈገፍገዋል፤ ገመዱም ሽቦውን። በነጭ ፕላስቲክ የተሸፈነ ላይፍላይን ከሆነ ሽፋኑ ይቀደድና ውሃ ይገባበታል፣ ውስጡ ሲዝግ ከላይ አይታይም። በሽቦ ፈንታ ዳይኒማ የሚባለውን ጠንካራ ሰው ሠራሽ ገመድ ላይፍላይን ያደረገ ሰውማ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፣ ፍትጊያ አይወድም። ሦስተኛ፣ የቋሚ ብረቱ እግር ወደ ጎን በተጎተተ ቁጥር ቡሎኖቹ ቀስ በቀስ ይላላሉ። በዚያች ክፍተት ውሃ ይሰርጋል፣ በፋይበር ግላሱ መሃል ያለው እንጨት መበስበስ ይጀምራል። ጥገናው ከሸራው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሸራችሁ ስንት ፐርሰንት ነው?

ከምሰሶው ፊት ለፊት እስከ ፊተኛው ሽቦ (ምሰሶውን ከፊት የሚይዘው) እግር ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ ሸራውን ሣር ላይ ዘርጉና ከኋላ ጥጉ ተነስታችሁ የፊት ጠርዙን በዘጠና ዲግሪ እስክትነኩ ለኩ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። የጀልባዋ ርቀት 2.4 ሜትር፣ የሸራው 3.6 ሜትር ቢሆን ሸራው 150 ፐርሰንት ነው። መቶና ከዚያ በታች የሆነው ከምሰሶው ፊት ባለው ቦታ ውስጥ ያልቃል፣ ጂብ እንለዋለን። 130፣ 135፣ 150 የሆነው ጄኖዋ ነው፤ ምሰሶውን አልፎ ወደ ኋላ ይደርባል። 110 መሃል ላይ ነው፣ በሁለቱም መንገድ ሊሄድ ስለሚችል ከሁሉም የሚያጨቃጭቀው እሱ ነው።

የትኛው መጠን አካባቢያችሁ ላይ እንደሚበዛ ነፋሱ ይነግራችኋል። እኛ ጋ ሜሪላንድ፣ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ደካማ ስለሆነ (የከሰዓቱ ነጎድጓድ እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው) አሮጌ ጀልባዎች ትልልቅ ጄኖዋ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ላይ ደግሞ በጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፣ እዚያ ያሉት ትንሽ ጂብ ይመርጣሉ። ከካሊፎርኒያ ሰው የሰማችሁትን ምክር ሜሪላንድ አምጥታችሁ ስትሞክሩ ካልሠራ አትገረሙ፤ ሌላ ሸራ ነው።

ትንሽ ጂብ

ይሄ ቀላሉ ነው። የትንሽ ጂብ የኋላ ጥግ ሽራውዱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ፑሊው ካቢኑ ጣሪያ ላይ ወይም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከተተከለ ሺቱ ከሽራውዶቹ ሁሉ ውስጥ፣ ወይም በረጅሙና በአጫጭሮቹ መካከል ያልፋል። ላይፍላይኑ ጋ ምንም ጉዳይ የለውም፣ ከሩቁ ሰላም ብሎት ያልፋል። የትኛው ክፍተት እንደሆነ ለማወቅ ቀጭን ሲባጎ ውሰዱ። ሸራውን ስቀሉ፣ ሲባጎውን ከሸራው ጥግ እስከ ፑሊው ወጥሩ፣ የትኛውንም ሽቦ ሳይነካ የሚያልፍበት ክፍተት መንገዱ ነው። በቃ።

ፑሊው ከውስጥ ሳይሆን ጠርዙ ጋ ተጠግቶ ከተተከለ ግን፣ ትንሽ ጂብም ቢሆን፣ ሺቱን በሽራውዶቹ ውስጥ ማሳለፍ ገመዱን አጭሩ ሽራውድ ላይ ያሳርፈዋል። ያኔ ከሽራውዱ ውጭ፣ ከላይፍላይኑ ውስጥ አድርጉት።

ጄኖዋ፣ ዋናው ጉዳይ

ጄኖዋ ሽራውዱን አልፎ ስለሚሄድ ከሽራውዶቹ ሁሉ ውጭ መዋል አለበት። በውስጥ ከሞከራችሁት ሸራው ራሱ ሽቦው ላይ ይጠመጠማል። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ላይፍላይኑ ነው።

ሐዲዱ መራመጃው ላይ፣ ከቋሚ ብረቶቹ ወደ ውስጥ ከሆነ መልሱ ውስጥ ነው። ሺቱ ከሸራው ጥግ ይነሳል፣ በሽራውዱ ውጭ ያልፋል፣ ከዚያ በሽራውዱና በላይፍላይኑ መካከል ባለችው ክፍተት ወርዶ ፑሊው ውስጥ ይገባል። ፑሊው ውስጥ ሆኖ ገመዱን በላይፍላይኑ ላይ አሻግሮ በውጭ ማምጣት ገመዱን ሁለት ጊዜ ያጥፈዋል፣ ሲወጣም ሲገባም።

ሐዲድ በሌላቸው፣ ጠርዛቸው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የአሉሚኒየም ብረት በተገጠመላቸው ጀልባዎች ላይ ነገሩ ይለወጣል። ፑሊው እዚያ ብረት ላይ ሲታሰር ከላይፍላይኑ ቋሚ ብረቶች ወደ ውጭ ይሆናል። ያኔ የሸራውን ጥግ ከፍታ ተመልከቱ። ሸራው መራመጃውን የሚጠርግ ዓይነት ሆኖ ጥጉ ከላይኛው ሽቦ በታች ከዋለ፣ ሺቱ ከውስጥ መጥቶ ከታችኛው ሽቦ ሥር ሾልኮ ወደ ፑሊው ይወጣል። ጥጉ ከላይፍላይኑ በላይ ከፍ ብሎ የሚውል ከሆነ ደግሞ ገመዱ ከላይ በውጭ በኩል ወደ ፑሊው ይወርዳል። ሁለቱም ልክ ነው። ፑሊውን ግን በሁለት ቋሚ ብረቶች መሃል አካባቢ እሰሩት፤ ብረቱ ሥር ካሰራችሁት ገመዱ ብረቱ ላይ መደገፉ አይቀርም። ከፑሊው በኋላ ወደ ዊንቹ (ገመዱ ተጠምጥሞ የሚሳብበት ከበሮ) ሲመለስም ከታችኛው ሽቦ ሥር ይግባ እንጂ ከላይ አይሻገር።

ሌላው የጄኖዋ ጣጣ የሸራው የታች ጠርዝ ነው። ታክ ስታደርጉ፣ ማለትም ጀልባዋ አፍንጫዋን በነፋሱ አሳልፋ ሸራው ወደ ሌላው ጎን ሲሻገር፣ የታችኛው ጠርዝ ላይፍላይኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ገመዱ መንገዱን ቢይዝም ሸራው አልያዘም። አንድ ሰው ወደፊት ሄዶ ጨርቁን በእጁ ስቦ ወደ ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ይሄ ደግሞ ገመዱ ሙሉ በሙሉ ከመጥበቁ በፊት ነው የሚሆነው። ከጠበቀ በኋላ ሸራውን ማንም አያነቃንቀውም። ብቻችሁን ከሆናችሁ አዙራችሁ እንደጨረሳችሁ ገመዱን የመጨረሻዋን አንድ ክንድ አትሳቡ፣ ጀልባዋን ለአፍታ ወደ ነፋሱ ቀና አድርጓት፣ ጨርቁ ሲላላ ብዙ ጊዜ ራሱ ሾልኮ ይገባል፣ ያኔ ጨርሱት። ሁልጊዜ የሚያስቸግር ከሆነ ሸራ ሰፊ ጋ ወስዶ የታችኛውን ጠርዝ ከፍ ማስቆረጥ ይቻላል። እኔ ለውድድር ለማይወጣ ሰው 150ን ትቶ 135 ወይም 110 እንዲይዝ ነው የምመክረው፤ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ጭቅጭቁ በብዙ ይቀንሳል።

ነፋሱ ከጎን ሲሆን

እስካሁን ያልነው ሁሉ ወደ ነፋሱ ተጠግቶ ለመሄድ ነው። አቅጣጫ ቀይራችሁ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ገመዱን ታላላላችሁ፣ የሸራው ጥግ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ላይፍላይኑንም አልፎ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ በውስጥ የመጣው ሺት የላይኛው ሽቦ ላይ ይተኛል። ለአሥር ደቂቃ ከሆነ ተዉት። ሰዓታት የምትጓዙ ከሆነ ሁለተኛ ገመድ አውጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጨማሪ ገመድ የሸራው ጥግ ላይ በቦውላይን (ሲጎተት የማይጠብቅ ቀለበት የሚሠራ) ቋጠሮ እሰሩ፣ ከሁሉም ነገር ውጭ አምጡት፣ ጎኑ ተከፍቶ ገመድ የሚቀበል ፑሊ ጠርዙ ላይ አስራችሁ በሱ አሳልፉት፣ ከዚያ ወደ ትርፉ ዊንች። አዲሱን ሳቡት። ሸክሙ ሙሉ በሙሉ ወደሱ ሲዞር አሮጌው ሺት ይላላል፣ እሱን አትፍቱት፣ ላላ ብሎ በቦታው ይቆይ። ወደ ነፋሱ ስትመለሱ ያስፈልጋችኋል። ሸራው ሲወጣ ቅርጹም ይሻላል፣ ምክንያቱም ገመዱ ከውጭ ሲጎትተው የላይኛው ክፍል አይከፈትም። ይሄን ለማድረግ ወደፊት የምትሄዱት ግን በትንሽ ነፋስ ነው፤ የሚማታ ሸራ ጥግ ፊት ላይ ካረፈ ቀልድ አይደለም። በዚሁ ምክንያት ሺት በብረት መቆለፊያ ሸራው ላይ አይገጠምም። ቋጠሮ ይበቃል።

ነፋስ ከኋላ ሆኖ ሸራውን በምርኩዝ ወደ ጎን ገፍታችሁ ስትሄዱም ነገሩ ያው ነው፣ በውጭ።

ስፒናከር ወይም ጄናከር የሚባሉት ፊኛ መሳይ ሸራዎች ካሏችሁ ምንም ማሰብ አያስፈልግም። የነሱ ገመድ ከሽራውዱም፣ ከላይፍላይኑም፣ ከአፍንጫው ብረትም፣ ከሁሉም ውጭ ነው።

ቋጠሮ፣ ርዝመትና የሚይዙ ነገሮች

ለእያንዳንዱ ሺት የጀልባዋን ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል ያዙ፤ ለካታሊና 22 አሥር ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ለጄኖዋ ትንሽ ጨምሩ። ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር ይበቃል፣ እጅ እንዳይቆርጥ 10 የሚመርጡም አሉ። ሁለት ገመድ በሁለት ቦውላይን ማሰር ይቻላል፣ ወይም አንዱን ረጅም ገመድ መሃሉን አጥፎ በሸራው ቀለበት ማሳለፍና ጫፎቹን በራሱ ማጠፊያ ውስጥ መሳብ። ሁለተኛው ለስላሳ ስለሆነ ታክ ስታደርጉ ሽራውድ ላይ አይያዝም። ጉዳቱ አንዱ ጎን ሲያልቅ ሁለቱም መቀየራቸው ነው። ቦውላይን ከመረጣችሁ የቋጠሮውን ጅራት በጣም አታሳጥሩ፣ ቋጠሮዎቹንም ወደ ሸራው አስጠግታችሁ ትንሽ አድርጓቸው።

በሌላው ጫፍ የስምንት ቁጥር ቋጠሮ አድርጉበት፣ ገመዱ ፑሊው ውስጥ ሾልኮ እንዳይጠፋ። ያመለጠ ሺት ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ሞተር ካስነሳችሁ ደግሞ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት በሁለቱም ጎን ጎንበስ ብላችሁ ማየት ልማድ ይሁን።

ሥራ ላይ ያልሆነውን ሺት መንገዱን ተከተሉት። ታክ ስታደርጉ የሚጎተተው እሱ ነው፣ በምሰሶው ፊት በኩል ሲሻገር የሚይዘውን ሁሉ ይይዛል፦ የፊት መስኮቱን ጥግ፣ ምሰሶው ሥር ያለውን ገመድ ማሰሪያ፣ የሽራውዱን መወጠሪያ ውስጥ የገባውን ኮፒሊያ። ኮፒሊያዎቹን በናስትሮ ሸፍኗቸው። የላይፍላይኑ በር መንጠቆም አደገኛ ነው፤ ገመድ ከተጠመጠመበት ሊከፈት ይችላል፣ እዚያው የተደገፈ ሰው ካለ ደግሞ አብሮ ይሄዳል። ለልጆች ብላችሁ ላይፍላይኑ ላይ መረብ ካሰራችሁ ሺቱ በመረቡ ቀዳዳ አይለፍ፤ ከታች የሚሾልክ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ መረቡን ቆርጣችሁ ጠርዙን እሰሩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ ይዛችሁ የምትወጡም አትጠፉም። እንግዳ መጀመሪያ የሚይዘው ላይፍላይኑን ነው። በትንሽ ጀልባ ላይ እኮ ሽቦው ጉልበት አካባቢ ነው፤ የባሕር ውድድር ደንቡ እንኳን ከ8.5 ሜትር ላነሱ ጀልባዎች የሚጠይቀው 45 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ሰው አያቆምም። ስለዚህ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይልበሱ፣ በተወጠረው ሺትና በላይፍላይኑ መካከልም ማንም እጁን አያስገባ፣ እዚያ የገባ ጣት ይጨፈለቃል።

ሙከራው

ይሄን ሁሉ ባሕር ላይ አትሞክሩት። ቀለል ያለ ነፋስ ባለበት ጠዋት ጀልባዋን አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ሆኖ ማቆሚያው ላይ እሰሯት፣ ሸራውን ስቀሉ። የቀኙን ሺት በእጃችሁ ሳቡ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል? ጣታችሁን ከሸራው ጥግ እስከ ፑሊው ገመዱን ተከትላችሁ አሂዱት፣ የነካው ነገር ካለ ጣታችሁ ይነግራችኋል። ሸራውን ወደ ውጭ ልቀቁትና ገመዱ የት እንደሚያርፍ እዩ። ከዚያ ግራውንም እንዲሁ። ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ በተለይ የቀድሞው ባለቤት ላይፍላይን ቀይሮ ከሆነ ቋሚ ብረቶቹ በሁለቱ ጎኖች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

መንገዱ ከተስተካከለ በኋላ ነው የፑሊው ቦታ የሚስተካከለው። በጉዞ ላይ ጀልባዋን ቀስ እያላችሁ ወደ ነፋሱ ቀና አድርጓት፣ የሸራው የፊት ጠርዝ አጠገብ የተለጠፉትን ክሮች ተመልከቱ። የላይኛው ክር ቀድሞ ከተንቀጠቀጠ ፑሊውን ወደፊት፣ የታችኛው ቀድሞ ከተንቀጠቀጠ ወደኋላ። ሁሉም አንድ ላይ ከሆነ አትንኩት፣ ሐዲዱ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ።

የሚጠቀለል ጄኖዋ ያላችሁ ሌላ ምልክትም ያስፈልጋችኋል። ነፋስ ሲበረታ ሸራውን በከፊል ስትጠቀልሉት ጥጉ ወደፊትና ወደ ላይ ይሄዳል፣ ስለዚህ ፑሊውም ወደፊት መሄድ አለበት። 150ው ወደ 100 ሲጠጋ ጥጉ ከሽራውዱ ፊት ስለሚቀር በውጭ የመጣው ገመድ ሽራውዱን መንካቱ አይቀርም። ለአንድ ከሰዓት ቻሉት። ነፋሱ ብዙ ጊዜ እንደዚያ የሚሆንበት ቦታ ላይ ካላችሁ ግን ትንሽ ጂብ ገዝታችሁ በውስጥ ማሳለፍ ይሻላል።

ስትጨርሱ ሸራውን ጠቅልሉና መጠቅለያውን አንድ ሁለት ዙር ጨምሩ፣ ሺቶቹም ሸራውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠምጥሙት፣ አውሎ ነፋስ እንዳይከፍተው። የተረፈውን ገመድ ላይፍላይኑ ላይ አትስቀሉት። ፀሐይ ይበላዋል፣ ጀልባዋ በተናወጠች ቁጥርም እዚያው አንድ ቦታ ላይ ሲፈተግ ያድራል። ጠቅልላችሁ መቀመጫው ሥር ክተቱት።